«ስንቱ ዳነ?» ከማለት በፊት

ስለ ሱስ ማገገሚያ ሲነሳ ሁለት ወሬዎች አይጠፉም። አንደኛው «ገብቶ የዳነ የለም፤ ሁሉም ወጥቶ ወደዚያው ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው በማስታወቂያ መልክ ይመጣል፤ ከመቶ ሰው ዘጠናውን አድነናል፣ በሦስት ወር ነፃ እናወጣለን ይላል። ሰው ሁሉ እንደ ቁስሉ አንዱን ይዞ ይሟገታል፤ ልጁ ያገረሸበት አባት የመጀመሪያውን ያምናል፣ ልጇን ለማስገባት ወርቋን የምትሸጥ እናት ሁለተኛውን። የሚያስቆጨው ሁለቱም መሳሳታቸው ብቻ አይደለም፤ የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት መሆኑ ነው። ሁለቱም «ስንቱ ዳነ?» ይላሉ እንጂ «ለመሆኑ የገባው ማን ነው? የገባውስ መቼ ነው?» ብለው አይጠይቁም። ይህ ካልተጠየቀ በመቶኛ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ባዶ ነው። ሱስ ምን እንደሆነና አንጎልን እንዴት እንደሚይዝ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አልደግመውም።

በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን አጠገብ፣ በ1935 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ግማሹ እስር ቤት ግማሹ ሆስፒታል የሆነ ሰፊ የመንግሥት ተቋም ተከፈተ። የራሱ እርሻ ነበረው፤ ታካሚዎቹም እየሠሩ ይታከሙ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የሄሮይንና የሞርፊን ሱስ የያዛቸው ሰዎች ወደዚያ ይላኩ ነበር። ከዚያ ወጥተው ኒውዮርክ የገቡትን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት ተስፋ ያስቆርጣል፤ ከ10 ሰው 9 ያህሉ ሱሱ አገርሽቶበታል። ሄሮይን አንዴ የያዘውን አይለቅም የሚለው እምነት የጸናው በዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ነው። ከዚያ የቬትናም ጦርነት መጣ። በ1971 የኒክሰን መንግሥት ከቬትናም የሚመለስ ወታደር ሁሉ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ሽንቱ እንዲመረመር አዘዘ፤ ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪም በዚያው ዓመት መስከረም የተመለሱትን ናሙና ወስዳ መከታተል ጀመረች። ግማሽ የሚጠጋው ወታደር ኦፒየም ወይም ሄሮይን ቀምሷል። ከአምስቱ አንዱ እዚያ ሳለ ሱስ እንደያዘው ራሱ ተናገረ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ግን ሱስ ከያዘው መካከል በመጀመሪያው ዓመት እንደገና የተያዘው 5 በመቶው ብቻ ሆነ፤ በሦስት ዓመት ውስጥም 12 በመቶ። ያው ሄሮይን ነው። በአንድ በኩል ከ10 ሰው 9፣ በሌላ በኩል ከ20 ሰው 1።

ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ማብራሪያ የቦታ ለውጥ ነው፤ ጦርነቱ፣ ርካሹ ሄሮይን፣ የጓዶች ግፊት ሁሉ ቬትናም ቀርቷል ይባላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ከዚያው ጥናት ብዙዎች የሚያልፉት ሌላ ቁጥር አለ። ወታደሮቹ አገር ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሱስ ከያዛቸው መካከል ግማሾቹ ሕክምና ገቡ፣ ግማሾቹ አልገቡም። ቆይተው ሲጠየቁ፣ ከታከሙት 47 በመቶው አሁንም በሱስ ውስጥ ነበሩ፤ ካልታከሙት 17 በመቶው ብቻ። ይህን ያነበበ ሰው «ሕክምናው ጎዳቸው ማለት ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ የመጀመሪያው ወሬ የሚነሳውም ከእንዲህ ዓይነቱ አነባበብ ነው። ሆስፒታል ከተኙት መካከል የሚሞተው ቤታቸው ካሉት መካከል ከሚሞተው ይበልጣልና ሆስፒታል ይገድላል እንደማለት ነው። በራሱ መተው የቻለ ሰው ሕክምና ደጃፍ አይደርስም። የሚደርሰው በራሱ ሞክሮ ሞክሮ ያቃተው፣ ሥራውም ትዳሩም የተናጋበት፣ ከሱሱ ጋር ጭንቀት ወይም ሌላ ሕመም የተደረበበት ነው። ማገገሚያ የሚያየው ወንፊት ላይ የቀረውን ነው።

ነገሩን በለቅሶ ቤት ላስረዳ። በማንኛውም ሰዓት ድንኳን የሚገባ ሰው የሚያገኘው ለሰዓታት የሚቀመጡትን ነው፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው የወጡት ምንም ያህል ቢበዙ አይታዩትም። ስለዚህ ለቀስተኛ ሁሉ እስኪመሽ የሚቀመጥ ይመስለዋል። ጃኮብና ፓትሪሺያ ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 ይህን ስህተት የሐኪም ቅዠት ብለው ሰየሙት፤ ሐኪሙ በየቀኑ ሕመማቸው የረዘመባቸውን ሰዎች ብቻ ስለሚያይ በሽታው ሁሉ ረጅም ይመስለዋል። ስለ ሱስ የምንሰማው አብዛኛው ነገር የተጻፈው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነው። በሩን የማያልፉት ደግሞ እጅግ ይበዛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ለ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 64 ሚሊዮን ሰዎች የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ሕመም አለባቸው፤ ሕክምና ያገኘው ከ11 አንዱ ነው። ከወንዶች ከ7 አንዱ ሲያገኝ ከሴቶች ግን ከ18 አንዷ ብቻ ናት። ሱስ የወንድ ነገር የሚመስለው በከፊል ሴቷ ስሟንና ልጆቿን እንዳታጣ ፈርታ ቤቷ ስለምትደበቅ ነው።

ማን እንደሚገባ የመጀመሪያውን ወሬ ከፈታልን፣ መቼ እንደሚገባ ደግሞ ሁለተኛውን ይፈታል። ሱስ እንደ ቀጥታ መንገድ አይሄድም፤ ይብሳል፣ ይረግባል፣ ተመልሶ ይብሳል። ሰው ደህና በነበረበት ወር ተነስቶ ማገገሚያ አይገባም። የሚገባው ከሥራ በተባረረ ሳምንት፣ ሚስቱ ጥላው በሄደች ማግስት፣ ፖሊስ በያዘው ወይም ደም በተፋ ጊዜ ነው፤ አዘቅቱ መጨረሻ ላይ። ከመጨረሻው አዘቅት ደግሞ ብዙው መንገድ ወደ ላይ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዣንጥላ የገዛ ሰው መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ቢወጣ፣ ዝናቡን ያቆመው ዣንጥላው ነው አይባልም። ፍራንሲስ ጋልተን በ1880ዎቹ የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲለካ ይህን ሕግ አገኘ፤ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ወላጆች ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው ያጥራሉ፣ የእጅግ አጫጭሮቹም ይረዝማሉ። ጫፍ ላይ ተመርጦ የተለካ ነገር በሁለተኛው ልኬት በአማካይ ወደ መካከል ይጠጋል። ስለዚህ ማንኛውም ማእከል፣ ምንም ባይሠራ እንኳ፣ ሰውን በክፉ ቀኑ ተቀብሎ ከሦስት ወር በኋላ ቢለካው መሻሻል ያገኛል። ማስታወቂያው የሚኮራው በዚህ መሻሻል ነው። አንድ ሰው ስለገባበት ሁኔታ ሁለት እውነቶች አሉ ማለት ነው፤ ከሌሎች ይልቅ የባሰበት መሆኑ ሕክምናውን አሳንሶ ያሳያል፣ ከራሱ ሌሎች ቀናት ይልቅ የባሰበት ቀን መሆኑ ደግሞ አጋንኖ ያሳያል። ሁለቱ ወሬዎች ከአንድ ጉድጓድ የተቀዱ ናቸው።

ከማን ገባና ከመቼ ገባ ሌላ ሦስተኛ የምርጫ ስህተትም አለ፤ መጨረሻ ላይ ማን ይቆጠራል? ማእከሎች በብዛት የሚቆጥሩት «ጨርሶ የወጣውን» ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያስት በ2003 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ የጆን ስትራንግና የባልደረቦቹ ጥናት አሳይቷል። ከሄሮይንና መሰሎቹ ለመጽዳት ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ 137 ሰዎችን ተከታተሉ። ከእነዚህ 37ቱ ፕሮግራሙን በሚገባ ፈጽመው፣ ሰውነታቸው ጸድቶ ወጡ። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ሰዎች ከመጠን በላይ ወስደው ሞቱ፤ ሦስቱም ከእነዚህ 37 መካከል ነበሩ። አቋርጠው ከወጡት በዚያ ጊዜ ከመጠን በላይ ወስዶ የሞተ የለም። ምክንያቱ በጽናትም በኃጢአትም አይደለም። ሄሮይን እስትንፋስን የሚያዘውን የአንጎል ግንድ ያዘገያል። በየቀኑ የሚወስድ ሰው አካል ይህን እየለመደ፣ ሌላውን የሚገድል መጠን ተሸክሞ ይኖራል። ልማዱ ግን በሳምንታት ይጠፋል፤ ሐራራው አይጠፋም። ሰውየው ጸድቶ ወጥቶ፣ አንድ ምሽት ከፍቶት፣ እጁ የሚያውቀውን የድሮ መጠን ይለካል። እጁ አልረሳም፣ ሳንባው ግን ረስቷል። በማእከሉ መዝገብ ላይ ይህ ሰው ከዳኑት ተርታ ነው።

ታዲያ ሕክምና መሥራቱ በምን ይታወቃል? ምርጫውን ከሰውየውም ከማእከሉም እጅ አውጥቶ ለዕጣ በመስጠት ነው። በዚያው በ2003 ስዊድን ውስጥ ሄሮይን የያዛቸው 40 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም ያው ምክር፣ ያው ክትትል፣ ያው የሽንት ምርመራ ተደረገላቸው። ልዩነቱ 20ዎቹ ቡፕረኖርፊን የተባለውን መድኃኒት በየዕለቱ መውሰዳቸው፣ ሌሎቹ 20 ግን ለስድስት ቀን እየቀነሰ ከተሰጣቸው በኋላ መድኃኒት የሌለው እንክብል መውሰዳቸው ነው። ከዓመት በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 15ቱ በሕክምና ላይ ነበሩ። ከሌሎቹ አንድም አልነበረም፤ አራቱ ሞተዋል። ሁለቱም ወገን የገባው በክፉ ቀኑ ነው፤ ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ዘንቧል። የቀረው ልዩነት የመድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ከሄሮይን ወገን ነውና እዚህ ላይ «ይህማ ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ሄሮይን በደቂቃ ይወጣል፣ በሰዓታት ይወርዳል፤ ሰውየውን በቀን ሦስቴ አራቴ ያሰክረዋል፣ ያንኑ ያህል ያሳምመዋል። ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን የተባለው መሰሉ መድኃኒት ግን ከአንድ ቀን ያላነሰ ስለሚቆዩ ከፍታውም ዝቅታውም የለም፤ ሰውየው ሥራ ይሄዳል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ጥገኝነት ነው፤ የደም ግፊት ታማሚም በእንክብሉ ላይ ጥገኛ ነው። ሱስ የምንለው ሕይወትን የሚያፈርሰውን ነውና ቃሉ እዚህ አይሠራም።

እዚህ ላይ ለራሴም ክርክር መጠንቀቅ ይገባኛል። የስዊድኑ ጥናት 40 ሰው ብቻ ነው። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2017 የወጣ ትልቅ ትንተና ሜታዶን በሚወስዱበት ጊዜ በዓመት ከ1,000 ሰው 11 ያህል እንደሚሞት፣ ሲያቋርጡ ግን 36 እንደሚሞት አሳይቷል። ሆኖም በእነዚህ ጥናቶች ማን እንደሚቀጥልና ማን እንደሚያቋርጥ ዕጣ አልወሰነም፤ እስካሁን የነቀፍኩት የምርጫ ስህተት እዚህም ሊኖር ይችላል። የሁለቱ ማስረጃዎች አቅጣጫ አንድ መሆኑ ነው የሚያሳምነኝ። ሱስ እንደ ስኳር ሥር የሰደደ በሽታ ነው የሚለውም አባባል ያከራክራል። በ2000 የታተመ ስመ ጥር ጽሑፍ ከሕክምና በኋላ ከ40 እስከ 60 በመቶው ላይ እንደሚያገረሽ፣ ይህም ከአስምና ከደም ግፊት እንደማይብስ አስልቷል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በ2005 የታተመውን የአሜሪካ የሕዝብ ጥናት ይጠቅሳሉ፤ ቀድሞ የአልኮል ጥገኛ ከነበሩ 4,422 ሰዎች መካከል ታክሞ የሚያውቀው አንድ አራተኛው ነው፤ ነገር ግን በጥናቱ ጊዜ አሁንም ጥገኛ ሆኖ የተገኘው አንድ አራተኛው ብቻ ነው። ስኳር እንዲህ አይለቅም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ግን መጠይቅ የሚሞላው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የሞቱት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ወደ እኛ ስንመጣ ጉዳያችን በአብዛኛው ሄሮይን አይደለም፤ ጫትና አልኮል ነው፤ ብዙ ጊዜም ተያይዘው ይመጣሉ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ እየተባለ። ቃላታችንም ያስቸግሩናል። ጫትን አደንዛዥ ዕፅ እንለዋለን፤ እሱ ግን የሚያነቃ እንጂ የሚያደነዝዝ አይደለም።  ጫት ሲተው ድብርት፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይመጣል፤ ያስጨንቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ለጫት እንደ ሜታዶን ያለ ተተኪ መድኃኒት የለም። አነቃቂ ለሆኑ ነገሮች፣ በተለይ ለኮኬይን፣ በዕጣ ጥናት ጠንካራ ውጤት ያሳየው ዘዴ ሽንቱ ንጹሕ ሆኖ ለተገኘ ሰው በየጊዜው ትንሽ ሽልማት መስጠት ነው። አልኮል ግን የተለየ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ቀጥሎ መቃዠትና መወራጨት መጥቶ ሊገድለው ይችላል። ይህ በሐኪም እጅ በመድኃኒት የሚከለከል ሞት ነው። ቤት ዘግቶበት ወይም ሐኪም የሌለበት ግቢ አስገብቶ በድንገት ማስቆም ጽናት ሳይሆን አደጋ ነው፤ ጸበል የሚወሰድም ቢሆን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ልጃችሁን ወይም ወንድማችሁን ልታስገቡ ደጃፍ ላይ የቆማችሁ፣ ከመቶ ስንት እንዳዳኑ አትጠይቁ። በር ላይ የገባው ስንት እንደሆነና መሐል ላይ የወጣው ተቆጥሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሐኪም አለ ወይ በሉ። ከወጣ በኋላ በየሳምንቱ የሚያየው፣ ቢያገረሽበት ሳይሳደብ የሚቀበለው ማን እንደሆነ በስሙ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። መልሱ «ከወጣ በኋላማ የራሱ ፈንታ ነው» ከሆነ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።