ስለ ልብ ትርታ ልክና ስለ ብርቱ ሩጫ

የሰው ልብ ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓት በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ሲቈጠር ከ100,000 ምት ያልፋል። በየደቂቃውም አምስት ሊትር ያህል ደም ወደ አካል ኹሉ ይልካል። ሰው ሲሮጥ ወይም ዳገት ሲወጣ ግን ጡንቻዎች ብዙ ደም ይሻሉና ልብ ምቱን ያፈጥናል፤ የሚልከውም ደም አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ይኾናል። ይህ ፍጥነት ወሰን አለው። ወሰኑም ከዕድሜ ጋራ እየቀነሰ ይኼዳል እንጂ በመልመድም በጀግንነትም ከፍ አይልም፤ ሯጭ በመልመድ የሚያተርፈው ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም ለመላክ መቻሉን ነው።

ወሰኑን ለመገመት ብዙ ሰው የሚያውቀው ሒሳብ ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው። በዚህ ሒሳብ የ50 ዓመት ሰው ልክ 170 ነው ይባላል። ነገር ግን የሒሳቡን ምንጭ የመረመሩ ሊቃውንት እንደ ገለጡት፥ ይህ ቍጥር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ፎክስና ባልንጀሮቹ ከሌሎች ጽሑፎች ከሰበሰቡት ቍጥር በግምት የወጣ ነው እንጂ፥ ሕግ ይኾን ዘንድ ተፈትኖ የጸና አይደለም። በዚሁ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ታናካና ባልንጀሮቹ ከ18,000 በላይ ሰዎች የተመረመሩባቸውን ጽሑፎች አመዛዝነው፥ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ላይ መቀነስ ይሻላል አሉ። ለ70 ዓመት ሽማግሌ ፊተኛው ሒሳብ 150 ሲሰጥ ኋለኛው 159 ይሰጣል። ይህም ቢኾን የብዙውን ሰው መካከለኛ እንጂ የያንዳንዱን ልክ አይናገርም፤ በአንድ ዕድሜ ካሉ ሰዎች መካከል ከመካከለኛው በ10 ወይም በ12 ምት የሚበልጥና የሚያንስ ብዙ ነው። ትርታን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰውማ በሒሳቡ ሊመራ ከቶ አይገባውም።

ስለዚህ በእጁ ያሠረው ትርታ ቈጣሪ ሰዓት ወሰኑን አለፍህ ሲለው በከንቱ የሚደነግጥ ጤነኛ አለ፤ ገና ነህ ሲለው የሚበረታ በሽተኛም አለ። የሚያስፈራው ይህ ኋለኛው ነው። ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ሥሮች አብዛኛውን ደም የሚቀበሉት ልብ በሚላላበት ጊዜ ነውና፥ ምቱ በፈጠነ መጠን የመላላቱ ጊዜ ያጥራል፤ የሚሻው ደም ግን ይበዛል። ደም ሥሩ ንጹሕ የኾነ ይህን ይችለዋል። በስብ የጠበበበት ሰው ግን ተቀምጦ ሳለ ያልተሰማው ሕመም በሩጫ ጊዜ ድንገት ይገለጥበታል።

ጄምስ ፊክስ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ በ35 ዓመቱ ሩጫ ዠመረ፤ በፈረንጆች 1977 ዓ.ም. ስለ ሩጫ ያሳተመው መጽሐፍ በብዙ ሰው ተነቦ ብዙዎችን ወደ ሩጫ አገባ። በ1984 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ ሲሮጥ ወድቆ ሞተ። ሬሳው በተመረመረ ጊዜ የልቡ ደም ሥሮች እጅግ ጠበው ተገኙ። አባቱም በ43 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞቶ ነበር። ሩጫ ገደለው ብለው የተናገሩ አልጠፉም፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ከአባቱ ዕድሜ 9 ዓመት አልፎ መኖሩን ሩጫው ሳይረዳው አልቀረም። የጐዳው ጕልበቱን ለጤናው ምስክር አድርጎ መቍጠሩ ነው።

በ1993 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመ ምርመራ ነገሩን በቍጥር አሳይቷል። በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ በብርቱ የሚንቀሳቀስ ሰው ከድካም በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚያገኘው ካረፈበት ሰዓት ይልቅ በ2.4 እጥፍ ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴ ያለመደው ሰው ግን በ107 እጥፍ ነው። አደጋው በአንድ ሰዓት ሲታሰብ በዚህም ጊዜ ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ ግን ሊናቅ አይገባውም።

በአዲስ አበባ ከ1994 ዓ.ም. ዠምሮ በያመቱ በሚደረገው ታላቁ ሩጫ ብዙ ሺህ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ከወንበርና ከመኪና ያልተለየ ሹም በአንድ እሑድ ጧት ከወጣት ጸሓፊው ጋራ እሽቅድምድም ቢገባ፥ ያ 107 የሚባለው ቍጥር የተነገረው ለርሱ ነው። ከተማይቱም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ከቈላ ትናንት የመጣ ሰው ልቡ ለዚያው ሥራ አብልጦ ይመታል። ካህናትና ምእመናንም በሰሙነ ሕማማት የሚያደርጉት ብዙ ስግደት ለሰውነት ብርቱ ሥራ ነው፤ ውሃ ሳይቀመስ ሲኾን ትርታ ይፈጥናል፤ በዕድሜ የገፋና የልብ ሕመም ያለበት አባት ሐኪሙንና የንስሓ አባቱን አማክሮ መጠኑን ቢያስወስን ነውር የለበትም።

ለጀማሪ ከሰዓት የሚሻል መለኪያ አንደበቱ ነው፤ እየተራመደ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር የሚችል በመጠን ላይ ነው፤ ቃል በቃል የሚቈራርጥ ከመጠን ወደ ብርቱ ገብቷል። ከዚህ ተነሥቶ በሳምንታት ጥቂት በጥቂት መጨመር ይቻላል። ዕድሜው ገፍቶ ሩጫ የሚዠምር፥ የስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት፥ ወላጁ ወይም ወንድሙ በጕልምስና በልብ ሕመም የሞተበት ሰው አስቀድሞ ልቡን ያስመርምር። ደረት ላይ መጫን፥ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፥ ቀዝቃዛ ላብ፥ ዐይን መጨለም ከተሰማ ቍጥሩ ምንም ቢኾን ያን ጊዜውኑ ማቆም ነው።

የወደቀና ትንፋሽ ያጣ ሰው ቢኖር ግን ውሃ ማርከፍከፍና ማልቀስ አያስነሣውም። በፈረንጆች 2021 ዓ.ም. ክርስቲያን ኤሪክሰን የተባለው የዴንማርክ ተጫዋች በኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ በወደቀ ጊዜ የዳነው፥ ደረቱ ወዲያው ስለ ተጫነና ልብ የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ መሣሪያ በአጠገቡ ስለ ተገኘ ነው። ርዳታ እስኪደርስ ድረስ በደረት መካከል ላይ በኹለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፥ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን ይገባል። ይህን ማንም ሰው በጥቂት ሰዓት ይማረዋል።