ምጥን በመድኃኒት ስለ ማስጀመር፤ ቤተ ሰብም አስቀድሞ ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር

ሴት ቀንዋ ደርሶ ምጥ በራሱ ጊዜ የመጣ እንደ ሆነ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀንም ቢሆን፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያደርገውን ያውቃል። ጎረቤት ይጠራል፤ ውሃ ይጣዳል፤ ሴቶቹ ማርያም ማርያም እያሉ ይለምናሉ፤ በዛሬውም ጊዜ መኪና ተነሥቶ ወደ ሐኪም ቤት ይኬዳል። ነገር ግን ምጡ ሳይመጣ ቀኑ ያለፈ እንደ ሆነ፤ ወይም ሐኪሙ «ከዚህ በላይ መቆየቱ ለእናትም ለልጅም አይበጅምና ምጡን በመድኃኒት እናስጀምር» ያለ እንደ ሆነ፤ ያው ቤተ ሰብ የሚይዘውና የሚጨብጠው ይጠፋዋል። አንዱ «ያለ ጊዜው የተቀሰቀሰ ምጥ ደግ አይደለም» ብሎ ይከለክላል፤ ሌላው ደግሞ «ከጀመሩስ ቶሎ ይጨርሱት እንጂ» ብሎ ያጣድፋል። እኛም ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው ሁለቱም፤ ይልቁንም ማጣደፉ፤ ጉዳት የሚያመጣ መሆኑን ስለ ተመለከትን ነው።

ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ የሆነውን እንናገር። የመጀመሪያ ልጅዋን የምትጠብቅ አንዲት ወይዘሮ ቀንዋ ካለፈ በስምንተኛው ቀን፤ ሐሙስ ጥዋት በ2 ሰዓት፤ ምጥ ይጀመርላት ዘንድ ወደ ሐኪም ቤት ገባች። ባልዋ በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰዎች የሚያዝ ነው። ለማታ ልጁ ይወለዳል ብሎ ቤቱን አሰናድቶ፤ የገንፎው ዱቄት ተነፍቶ ቅቤውም ተነጥሮ ተቀምጦ ነበር። ማታ በ1 ሰዓት ቢጠይቅ «ገና ነው» ተባለ። እኩለ ሌሊት ቢጠይቅ «ገና ነው» ተባለ። ዓርብ ጥዋት ተቈጥቶ መጣና «ወይ ጠብታውን ጨምሩላት፤ ወይ ኦፕራሲዮን አድርጓት፤ አለዚያ ወደ ሌላ እወስዳታለሁ» አለ። በዕድሜ ከእርሱ እጅግ የምታንሰው አዋላጅም «ጋሼ፤ ጠብታው እኮ ገና አልተጀመረም፤ እስካሁን የማኅፀኑን በር ስናለሰልስ ነው ያደርነው» ብላ መለሰችለት። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ ሰውየው የሚመልሰው አጥቶ ቆመ። በእውነቱ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው፤ ማለት ከቀኑ አቈጣጠር፤ እንያዘው። በሀገራችን የእርግዝና ዘመን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው ሲባል የቆየው ከመጋቢት 29 ቀን እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ባለው ልክ ነው፤ ይህም በመካከሉ ያለችው ጳጉሜን ተጨምራ 275 ቀን ይሆናል። ሐኪሞች ግን ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን አንሥተው 280 ቀን ይቈጥራሉ። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ ስሌቱ ከፈረንጆች ይልቅ ለእኛ ይቀላል፤ ዘጠኝ ወር ቈጥሮ 10 ቀን መጨመር ነው። በመካከሉ ጳጉሜን የገባች እንደ ሆነ ግን የሚጨመረው 5 ቀን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበትም ዓመት 4 ቀን ነው። የወር አበባዋን መስከረም 10 ቀን ያየች ሴት ቀንዋ ሰኔ 20 ይሆናል። ጥር 10 ቀን ያየች ግን ጳጉሜን ስለምታልፍ ቀንዋ ጥቅምት 15 ነው። ይህን ቀን ወይዘሮዪቱ በደብተርዋ ጽፋ ብታኖረው፤ በመጀመሪያዎቹም ወሮች በአልትራሳውንድ ብታስመረምር፤ በኋላ ብዙ ክርክር ይቀራል። ቀኑ በስሕተት ተቈጥሮ ምጥ የተጀመረ እንደ ሆነ ያልደረሰ ልጅ ይወለዳልና።

ቀኑ ሲደርስ ምጥ ባይመጣ ወዲያው አያስደነግጥም። የዓለም የጤና ድርጅት ምጥ እንዲጀመር የሚመክረው እርግዝናው 41 ሳምንት መሙላቱ በእርግጥ ለታወቀላት ሴት ነው፤ ይህም ከቀንዋ በኋላ ሰባት ቀን ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ እንግዴ ልጁ እያረጀ ለልጁ የሚያቀብለው ምግብና አየር እያነሰ ሊሄድ ይችላል። በስዊድን ሀገር በ2760 ሴቶች ላይ የተደረገና በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የታተመ ጥናት (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ሴቶቹን በሁለት ከፍሎ፤ ለእኩሌቶቹ በ41ኛው ሳምንት ምጥ ሲያስጀምር የቀሩትን እስከ 42ኛው አቆየ። ከቆዩት ወገን ስድስት ልጆች ስለ ሞቱ፤ ከተጀመረላቸው ወገን ግን አንድም ስላልሞተ፤ አጥኚዎቹ ሥራቸውን ሳይፈጽሙ አቋረጡት።

«መድኃኒቱ ወደ ኦፕራሲዮን ያደርሳል» የሚለውም ፍርሃት ብዙ ጊዜ ይሰማል። በአሜሪካ በ2018 ዓ.ም. የታተመው ጥናት 6106 የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ጤነኞች ሴቶችን መርምሮ፤ በ39ኛው ሳምንት ምጥ ከተጀመረላቸው ከመቶ 18.6፤ ከጠበቁት ግን ከመቶ 22.2 በቀዶ ሕክምና መውለዳቸውን አገኘ። ይህ ግን ቀናቸው በምርመራ በተረጋገጠ ሴቶችና መሣሪያው በተሟላ ሐኪም ቤት የሆነ ነው። እኛም ይህን ማንሣታችን ፍርሃቱን ለማቅለል እንጂ ሁሉም በ39ኛው ሳምንት ይሂዱ ለማለት አይደለም።

ከቀን ማለፍ በቀር ሌላም ምክንያት አለ። የደም ግፊትዋ ከፍ ያለ፤ የስኳር በሽታ ያለባት፤ ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃዋ የፈሰሰ፤ ልጅዋም በማኅፀን ውስጥ በደንብ ማደግ ያቆመባት ሴት ቀኑን መጠበቅ ላይገባት ይችላል። በግፊት ጊዜ በተለይ ቤተ ሰብ «ቀንዋ ገና ነው» ብሎ ባይከራከር መልካም ነው፤ ሕመሙ የሚሽረው ልጁና እንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ነውና። በአንጻሩም እንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር የዘጋባት ወይም ልጁ የተጋደመባት ሴት ምጥ ሊጀመርላት አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቤተ ሰብ ምጥ ማስጀመር ሲባል መርፌ ተወግቶ ወዲያው ልጅ የሚወለድ ይመስለዋል። የማኅፀኑ በር ግን እርግዝናውን ሁሉ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንክሮና ተዘግቶ የኖረ ነው፤ ምጥ በራሱ ሲመጣ ከብዙ ቀን አስቀድሞ እየለሰለሰ፤ እያጠረና እየሳሳ ይሄዳል። መድኃኒቱ ያንን የብዙ ቀን ሥራ በሰዓቶች ሊሠራው ነው። ስለዚህ አዋላጅዋ መጀመሪያ በጣትዋ መርምራ በሩ መብሰሉንና አለመብሰሉን ትለያለች። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ቢሾፕ በ1964 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ አምስት ነገሮችን የሚመለከት የነጥብ መስፈሪያ አወጣ፤ የበሩን መከፈት፤ መሳሳት፤ ልስላሴና አቀማመጥ፤ የልጁንም ራስ መውረድ። ሙሉው 13 ነጥብ ነው። ከ6 በታች የሆነ እንደ ሆነ በሩ አልበሰለምና አስቀድሞ ማለስለስ ያስፈልጋል። አንባቢዎቻችን በሐኪም ቤት በር ቆማችሁ ስትጠይቁ «ተወለደ ወይ» ከማለት ይልቅ «በሩ በስሏል ወይ» ብትሉ መልሱ ይበልጥ ያስረዳችኋል።

ማለስለሻው ከሁለት ነገር አንዱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱም። የመጀመሪያው በጫፉ እንደ ልጆች መጫወቻ ያለ ትንሽ ፊኛ ያለበት ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው፤ በማኅፀኑ በር ውስጥ ገብቶ ፊኛው በውሃ ይሞላና በሩን ከውስጥ እየገፋ ይከፍተዋል። ሲገባ ይቈረቍራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሴትዮዋ መቀመጥም መሄድም ትችላለች፤ በሩ ሲከፈት ፊኛው በራሱ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ መደንገጥ አያስፈልግም። ሁለተኛው ሚሶፕሮስቶል የሚባል መድኃኒት ነው፤ መጀመሪያ ለጨጓራ ቍስል የተሠራ ነበር። አንዱ እንክብል ብዙ ጊዜ 200 ማይክሮግራም ሲሆን ምጥ ለማስጀመር የሚሰጠው 25 ብቻ ነው፤ ማለት የእንክብሉ አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው በየ2 ሰዓቱ 25 ሚሊ ሊትር ያጠጧታል። ይህንን መድኃኒት በቤት በእጅ ሰባብሮ መስጠት እጅግ አደገኛ ነው። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ለወለደችማ በሐኪም ቤትም ቢሆን አይሰጣትም፤ የቀድሞው ስፌት ሊቀደድ ይችላልና።

በሩ ሲበስል ኦክሲቶሲን በጠብታ ይጀመራል፤ የእንሽርቱም ከረጢት ይቀደዳል። ይህ መድኃኒት ምጥን የሚያመጣውን የሰውነት ቅመም የሚመስል ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ የወጣ ጭማቂ ማኅፀንን እንደሚያኰማትር በ1906 ዓ.ም. ገለጸ፤ አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. በሰው ብልሃት ሠርቶት በ1955 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጠብታው በጥቂቱ ይጀመርና እየተመለከቱ በየ30 ደቂቃው ያህል ከፍ ያደርጉታል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ደኅና ምጥ ሲመጣ ያቆሙታል። ከአምስት በላይ የሆነ እንደ ሆነ ማኅፀኑ ስለማያርፍ ልጁ አየር ያጥረዋልና ጠብታው ይቀነሳል ወይም ይዘጋል። የዚያን ጊዜ ባል ሆይ፤ «ጨምሩላት» ማለትህ ምን እንደምትጠይቅ አስብ።

በዚሁ አንጻር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ምጥ ዘገየ ተብሎ ይህንኑ መድኃኒት በቤት ወይም በትንሽ ክሊኒክ በጭን የሚያስወጉ አሉ። በጠብታ የገባው በዘጋችሁት ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉ ይደክማል፤ በጭን የተወጋው ግን ተመልሶ አይወጣም፤ ማኅፀን እስከ መቀደድ ያደርሳል። ልጁ ከተወለደ በኋላ ደም እንዳይፈስ በጭን የሚሰጠው 10 ዩኒት መርፌ ግን ትክክለኛና ሕይወት የሚያድን ነው፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ።

ሕመሙስ? ያልተለማመደ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን የማለስለሱ ሰዓት ብዙውን ጊዜ እንደ ወር አበባ ሕመም ያለ ነው። ጠብታው ከተጀመረ በኋላ ግን በራሱ የሚመጣው ምጥ በዝግታ እየበረታ ሲሄድ ይህ ቶሎ ስለሚበረታ ብዙ ሴቶች የከበደ ነው ይላሉ። የሕመም ማስታገሻ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ወገብ ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ ባለበት ሐኪም ቤትም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የልጁ ልብ አመታት በየጊዜው ይደመጣል። የምትወደው አንድ ሰው፤ እናትዋ ወይም እኅትዋ ወይም ባልዋ፤ ከአጠገብዋ ቢሆን ይረዳታል፤ አሥር ሰው በኮሪደር ቢሰበሰብ ግን ያደክማታል እንጂ አይረዳትም። ውሳኔውም የእርስዋ ነውና ሐኪሙ ሲያስረዳ ለባልና ለአማት ብቻ ሳይሆን ለእርስዋ እንዲያስረዳ ቤተ ሰቡ ይርዳት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው፤ በሩ ላልበሰለባት የመጀመሪያ ወላጅ አንድ ቀን ሙሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ቀን ነው። ከዚህ በፊት ለወለደች ያጥራል። የአሜሪካ ማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች በ2014 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ እናትና ልጅ ደኅና እስከ ሆኑ ድረስ፤ የእንሽርቱ ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ጠብታው ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሳይሠራ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና እንዳይኬድ መክረዋል። የልጁ ልብ አመታት የታወከ፤ ወይም ደም የፈሰሰ፤ ወይም ትኵሳት የመጣ እንደ ሆነ ግን ሰዓት አይጠበቅም፤ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ሲል መፈቀድ አለበት።

ያች ወይዘሮ ዓርብ በ4 ሰዓት ጠብታ ተጀመረላት፤ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በ11 ሰዓት ሴት ልጅ በደኅና ተገላገለች። ባልዋ ሌሊቱን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ። አዋላጅዋ በወጣች ቍጥር ይነሣላት ነበር፤ በመጨረሻም የጠየቃት፤ ገንፎውን ከቤት በስንት ሰዓት ማምጣት እንደሚፈቀድ ነው።