የተሰወረ ችሎታ

ትምህርት የጠላ ወጣት ሁሉ አእምሮ የጎደለው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው የሚያምንበት ሰው ነው። ለዚህም በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነው ነገር ምስክር ነው። የቦሊቪያ ተወላጅ የሆኑት መምህር ሐይሜ ኤስካላንቴ፣ ብዙ ያልተጠበቀባቸውን የድኾች ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጭምር እያስጠኑ፣ ሲያጠፉ እየገሠጹ፣ ሲደክሙ እያደፋፈሩ፣ ካልኩለስ የተባለውን ከፍተኛ ሒሳብ አስተማሯቸው። በ1982 እ.ኤ.አ. ለፈተና የቀረቡት 18ቱም አለፉ። ፈታኞቹ ግን 14ቱን ጠረጠሯቸው፤ ከእነዚህም 12ቱ ዳግመኛ ተፈትነው አለፉ።

እንግዲህ ማደፋፈር ማለት ማሞገስ ብቻ አይደለም፤ ትችላለህ ብሎ ከባዱን ሥራ መስጠትና እስኪፈጸም ድረስ አብሮ መድከም ነው። ስለዚህ ልጃችሁን ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን ወጣት ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት፣ «እስከ ዛሬ ማን አደፋፍሮት ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።