የድመታችን ዓይን ለምን እየደጋገመ ይታመማል?

በጎንደር ገጠር ድመት የምትቀመጠው አይጥ እንድትይዝልን ነበር፤ ዓይኗ ቀላ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚወስዳት አልነበረም። ዛሬ በፔታ ቲክቫ ልጆቻችን ከመንገድ ያነሷትን የድመት ግልገል ከጎናቸው ያስተኟታል።

በሥራችን ከምንጎበኛቸው ቤተሰቦች በአንዱ ቤት የድመቷ ዓይን ለ3ኛ ጊዜ ቀልቶ ዓይናር ሞላው። እናትየዋ ለሕፃኑ ልጇ ፈርታ «ከቤት ትውጣልኝ» አለች። የ10 ዓመት ልጇ ደግሞ ድመቷን አቅፋ ስታለቅስ ዋለች። እናትየዋ መጠንቀቋ ትክክል ነው። ነገር ግን ከመወሰን በፊት የሕመሙን ምክንያት ማወቅ ይሻላል። የቤት እንስሳን ወደ መንገድ መጣልም በዚህ አገር ሕግ የተከለከለ ነው።

እየተመላለሰ ለሚመጣ የድመት ዓይን ሕመም ዋነኛው ምክንያት የድመት ሄርፐስ ቫይረስ ነው። ብዙ የመንገድ ድመቶች ገና በግልገልነታቸው ይይዛቸዋል። ድመቷ ብትድንም ቫይረሱ ከሰውነቷ አይወጣም፤ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ድመቷ ስትጨነቅ፣ ለምሳሌ ቤት ስንቀይር፣ ሕፃን ሲወለድ ወይም ሌላ ድመት ስናመጣ፣ እንደገና ይነሣል። ከዚህ ሌላ ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያ፣ የድመቶች ጠብ ያስከተለው ጭረት፣ በጸደይ የሚደርቅ የሣር እሾህ፣ የሐምሲን አቧራ፣ የአኮኖሚካ ሽታ፣ የቡናችን ዕጣንና የከሰል ጢስም ዓይኗን ያስቆጣሉ።

ሕመሙ ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ? የድመት ሄርፐስ ሰውን አይዝም። ክላሚዲያው ግን አልፎ አልፎ ወደ ሰው ሊሻገር ስለሚችል፣ ዓይኗን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ እስክትድንም ከሕፃኑ አልጋ ትራቅ። የልጅ ዓይን ከቀላ ወደ ኩፓት ሖሊም ውሰዱት፤ ቤት ውስጥ የታመመች ድመት እንዳለች ለሐኪሙ ንገሩት።

በቤት ውስጥ ማድረግ የምንችለው ይህ ነው። ውኃ አፍልተን እናቀዘቅዛለን። ንጹሕ ጥጥ ነክረን ዓይናሩን እናለሰልስና ከውስጠኛው ጥግ ወደ ውጭ ቀስ ብለን እንጠርጋለን። ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ እንጠቀማለን፤ ከዚያም ጥጡን እንጥለዋለን። ሻይ፣ ወተት ወይም የአገር ቤት መድኃኒት አንጨምርም።

ከሁሉ በላይ፣ ለሰው ታዝዞ የተረፈ የዓይን ጠብታ ወይም ቅባት አታድርጉላት። እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ የያዘ መድኃኒት ዓይኗ ላይ ቁስል ካለ ወይም ሄርፐስ ከተነሣ ጉዳቱን ያብሳል፤ ዓይኗን እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

ዓይኗን ጨፍና መክፈት ካቃታት፣ ብሌኑ ላይ ጉም ከመሰለ፣ ደም ከታየ፣ ወይም መብላት ካቆመች በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ሐኪሙ ዓይኗ ላይ ቀለም ጠብ ያደርጋል፤ ቁስል ካለ ቦታው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። እንደ ምክንያቱ አንቲባዮቲክ ወይም የቫይረስ መድኃኒት ያዝዛል። ዓይኗ የጠራ ቢመስልም የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። መድኃኒቱን ስታደርጉ በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዟት፤ የቱቦው ጫፍም ዓይኗን አይንካ። የምትቧጥጥ ከሆነ የአንገት መከላከያ ጠይቁ።

ላይሲን የተባለው ዱቄት ቀድሞ ለዚህ ሕመም ይመከር ነበር። በ2015 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን የሚጠቅም ሆኖ አላገኘውም፤ ገንዘባችሁን ለክትባት አድርጉት። ክትባቱ ቫይረሱን ፈጽሞ ባይከለክልም ሕመሙን ያቀለዋል።

የኩፓት ሖሊም መድን ለእንስሳ ስለማያገለግል የምርመራውንና የመድኃኒቱን ዋጋ አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ሐኪሙ ዘንድ ልጅን ብቻዋን ለአስተርጓሚነት አትላኩ፤ የክፍያና የሕክምና ውሳኔ የአዋቂ ሸክም ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ያገረሸበትን ጊዜና በዚያ ሰሞን በቤት የተለወጠውን ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ያቺ ልጅ ይህን ስትጽፍ፣ ሕመሙ የተነሣው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ መሆኑን አስተዋለች።

አሁን ድመቷ ጸጥ ያለ የራሷ ጥግ አላት፤ ቡና ሲፈላም መስኮቱ ይከፈታል። ዓይኗ ሌላ ጊዜ ሊቀላ ይችላል። ያን ጊዜ ግን ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። እናትየዋም «ትውጣልኝ» ማለቷን ትታ ጥጡን የምታቀብል እሷው ሆናለች።