ፖም ለምን አያብብም?

በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ሰሞን፣ ዘበኛው መጥረቢያ ይዘው ወደ ግቢው የፖም ዛፍ ሲሄዱ ደረስን። «ልጆቼ፣ አምስት ዓመት ውኃ አጠጣኋት፤ አንድ አበባ አላሳየችኝም፤ መካን ናት» አሉን። ተማሪዎቹ ከበውን መልስ ይጠብቃሉ፤ እኛ ግን መልስ አልነበረንም። ለዛፏ የአንድ ዓመት ምሕረት ለምነን ወደ ንባብ ገባን። ያገኘነው እነሆ።

ፖም የብርድ አገር ተክል ነው። የመጪው ዓመት አበባ የሚጠነሰሰው በቀደመው ወቅት ሲሆን፣ እምቡጡ ወዲያው አይፈነዳም፤ ይተኛል። የሚቀሰቅሰው ብርድ ነው። ይኸውም ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ያሳለፈው ሰዓት ይደመርለታል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ዝርያዎች ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ይሻሉ። ሂሳቡ ካልሞላ እምቡጡ ተኝቶ ይቀራል፤ ወይም እዚህም እዚያም ጥቂት አበባ ብቻ ብቅ ይላል።

«ታዲያ ከደባርቅ የበለጠ ብርድ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። የአውሮፓ ብርድ ለወራት ሌት ተቀን ይዘልቃል፤ የእኛ ግን የሌሊት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥልና ረፋዱ ላይ ጋቢ የሚያስጥል ፀሐይ ይወጣል። ከ20 ዲግሪ የሚያልፍ የቀን ሙቀት ደግሞ ሌሊት ከተጠራቀመው ከፊሉን ይሽራል። ከፍታም ለውጥ ያመጣል፤ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ የዳባት፣ የደባርቅና የሳንቃ በር ሂሳብ አንድ አይደለም።

መፍትሔ አለው። አንደኛ፣ ጥቂት ብርድ የሚበቃውን ዝርያ መምረጥ ነው። በእስራኤል የተገኘው «አና» እና ከባሐማስ የመጣው «ዶርሴት ጎልደን» 300 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። ሁለቱ ተጠጋግተው ቢተከሉ ንቦች ብናኙን ስለሚያመላልሱላቸው አበባው ፍሬ ይይዛል። ሁለተኛ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ደጋ፣ ገበሬዎች ፍሬው ከተለቀመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጠሉን በእጅ ያራግፋሉ፤ እምቡጡም ጥልቅ እንቅልፍ ሳይወስደው ይነቃል። ሦስተኛ፣ ሽቅብ የሚያድጉትን ቅርንጫፎች በገመድ ወደ ጎን ማጋደም የአበባ እምቡጥ ያበዛል። በአገራችንም የጨንቻ ደጋ ፖም በማምረት ታውቋል።

ስለዚህ ችግኝ ስንቀበል «ፖም ነው?» ብቻ ሳይሆን «ዝርያው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ብርድ ይሻል?» ብለን እንጠይቅ።

ዛፏስ? እስካሁን ቆማለች። ከግንዷ አጠገብ ቴርሞሜትር በጥላ ሰቅለናል። ተማሪዎቹ በየማለዳው ሂሳቡን ይደምራሉ፤ ሌሊት በየሰዓቱ እያነበቡ የሚመዘግቡት ግን ዘበኛው ናቸው።