ገመድና ባዶ ጀሪካን ለክረምት ወንዝ

መርካቶ ውስጥ ጭድ ተራ የሚባለው ሠፈር የገጠሩን ሰው በስሙ ብቻ ይጠራዋል። ይህ ጸሐፊ በክረምት መግቢያ ወደዚያ ብቅ ባለበት ዕለት አንድ የገበሬ ማኅበር መሪ የናይሎን ገመድ በክንዱ ሲለካ አገኘ። ለጭነት እንደሆነ ሲጠየቅ አይደለም አለ። ከሁለት ክረምት በፊት በቀበሌው አንድ እረኛ ልጅ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወሰደው። አጎቱም ሊያወጣው ዘሎ ገባ፤ ሁለቱም አልተመለሱም። በዳር የቆመው ሰው ብዙ ነበር። ገመድ ከቤት እስኪመጣ ግን ጊዜው አለፈ።

የክረምት ውኃ ምን ያህል እንደሚከፋ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ250 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ብዙም ሳይቆይ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ወሰደ። ነገር ግን ጋዜጣ ላይ የማይወጣው፣ አንድ ልጅ በአንድ መሻገሪያ የሚቀርበት አደጋ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል።

በከተማ መዋኛ ገንዳዎች ነፍስ አድን የሚባሉ ሠራተኞች ይቆማሉ። በገጠር ወንዝ ዳር ይህን ሥራ የሚሠራው በአጠገቡ የተገኘ ሰው ነው። ስለዚህ የነፍስ አድኑ ሙያ ወደ ቀበሌው መምጣት ይኖርበታል። የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ደግሞ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ዘለህ አትግባ ይላል። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ስለሚይዝ ጎበዝ ዋናተኛንም ይዞ ይወርዳል። በዱላ ወይም በረጅም እንጨት ከተደረሰበት ተኝቶ ዘርግቶ መሳብ ነው። ካልተደረሰበት ገመድ ይወረወርለታል። በገመዱ ጫፍ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢታሰር አንድ ጎልማሳ አፉን ከውኃ በላይ አድርጎ ሊይዝበት ይችላል። ለወንዝ 40 ክንድ ገመድ፣ ማለትም 20 ሜትር ያህል፣ አይበዛም። በተጨማሪም የሚሰጥም ሰው ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ትንፋሽ ያጣ ሰው ድምፅ አያወጣም። ልጆች ውኃ ውስጥ ዝም ሲሉ መጠርጠር ይገባል።

ሰውየው ከወጣ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ ከሁሉ ያሳዝናል። ውኃው ይውጣለት ተብሎ በእግሩ ተንጠልጥሎ ይናወጣል፤ ሆዱም ይጨመቃል። ይህ ጊዜ ያባክናል፤ ትውከቱንም ወደ ሳንባው ይመልሳል። የሰጠመውን የሚገድለው የአየር እጦት ስለሆነ በቶሎ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው። ደረቅና ጠጣር መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ ከ10 ሰከንድ ሳያልፍ ደረቱ መነሣት አለመነሣቱን ማየት ያሻል። የማይተነፍስ ከሆነ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ ደረቱ እስኪነሣ ድረስ አምስት ጊዜ በአፉ መንፋት፤ ከዚያም በደረቱ መካከል 30 ጊዜ በሁለት እጅ መጫን፣ ሁለት ጊዜ መንፋት፣ እንደገና 30 ጊዜ መጫን ነው። አጫጫኑ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚገባና ፈጣን ነው፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይደርሳል። ለትንሽ ልጅ አንድ እጅ ይበቃል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል፤ መተንፈስ እስኪጀምር ወይም የጤና ባለሙያ እስኪደርስ አይቆምም። ሲያስመልሰው ወደ ጎን ማዞር ነው። ከነቃም በኋላ እርጥብ ልብሱን አውልቆ ጋቢ ማልበስና ጤና ጣቢያ ማድረስ ግዴታ ነው፤ ደኅና የመሰለ ሰው ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊጠብበት ይችላልና።

የኩሬው ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ ገበሬው በየጓሮው የውኃ ማቆሪያ ኩሬ እንዲቆፍር ብዙ ተሠርቷል። ኩሬው ለአትክልት ጥሩ ነው። ፕላስቲክ የተነጠፈበት ሲሆን ግን ጠርዙ ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ የሚጨብጠው አያገኝም። ዙሪያውን በእሾህ ማጠርና ከካስማ የታሰረ ባለ ቋጠሮ ገመድ እስከ ታች መልቀቅ ከግማሽ ቀን በላይ ሥራ አይወስድም።

ለማኅበሩ መሪዎች የሚቀረው በየመሻገሪያው ገመዱና ጀሪካኑ የሚሰቀልበትን ዛፍ መምረጥ፣ የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት መለጠፍ፣ ሁለት ሦስት ወጣቶችንም ለመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ማቅረብ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይህንኑ ሥልጠና ይሰጣል። ሰቃዩ ካልታወቀ ግን ገመዱ በሁለተኛው ሳምንት ለአህያ ጭነት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊው በስም ይመደብ።

የጭድ ተራው እንግዳችን 40 ክንድ አስቆርጦ ከፈለ። ከዚያም አንድ ቢጫ ጀሪካን አንሥቶ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘጋና በሁለት መዳፉ ጨመቀው። ሲያፏጭ ሰማ። መለሰውና ሌላ እንዲያመጡለት ጠየቀ።