የጌም ኮምፒዩተር ለጓሳ ሰው፦ መብራቱን ተውና ሆዱን እይ!

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የመጣው ከመንዝ ነው። ጸሐፊው የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ቤታቸው ከጓሳ ጥብቅ ሣር አጠገብ። ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ በውድድር ደረጃ የሚያጫውት፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ኮምፒዩተር እንድመርጥለት ይጠይቃል። ለዚሁ ሲባል አባቱ በጎች ሸጠዋል። መርካቶ ያገኘው ነጋዴ በመስታወት ኬዝ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚተፋ ዕቃ አሳይቶት ልቡን ወስዶታል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደግሞ ለአባቱ «ለትምህርት ነው» ማለቱን ሹክ ብሎኛል። አይ ጉድ! ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወንድሜ፣ አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት መስመርህን ለካ። ከሚቀርቡን ሰርቨሮች የቫሎራንቱ ባሕሬን፣ የካውንተር ስትራይኩ ዱባይ ነው። የተኮስከው ጥይት «መታ» ወይም «ሳተ» የሚባለው ከመንዝ ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ የደርሶ መልስ ጊዜ ፒንግ ይባላል። ከ150 ሚሊ ሰከንድ እያለፈ የሚዋዥቅ ከሆነ የዓለም ውድ ግራፊክስ ካርድ ቢገጠምልህም አያድንህም። ምሽት ላይ፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ባለበት ሰዓት ሞክረው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ያረጀ ነው ብለህ አትናቀው እንጂ የድሮው ካውንተር ስትራይክ 1.6 ሁለት ኮምፒዩተር በገመድ አገናኝቶ ያጫውታል።

አሁን ወደ ከፍታው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ይህ ከኮምፒዩተር ጋር ምን አገናኘው? እንዴት አይገናኝ! ተራው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው ጫፍ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ተንሳፎ የሚቆመው በአየር ነው። ብዙ አምራቾችም የሥራ ከፍታውን 3,048 ሜትር ላይ ይገድቡታል። ነጋዴው «ሰፊ ዲስክ ልጨምርልህ» ቢልህ አመስግነህ እምቢ በል። የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ኤስኤስዲ ግዛ፤ 1 ቴራባይት ከሆነልህ ጥሩ፣ ካልሆነም 500 ጊጋባይት ይበቃል።

የሳሳ አየር ሙቀትም በደንብ አይሸከምም። ጓሳ ውርጭ ነው፣ ምን ያሞቀዋል ትል ይሆናል። ብርዱስ በእርግጥ ይረዳል፤ ግን ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ብርዱን ከየት ያስገባዋል? ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጥ። ምድጃ ካለበት ክፍል አርቀው፤ የኩበት ጭስና ጥቀርሻ ፋን ላይ ተለጥፎ ያንቀዋል። ከውርጭ ወደ ሞቀ ቤት ያስገባኸውን ዕቃም ወዲያው አታብራ፣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ሰዓታት ይቆይ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጥቂት ጊዜ ጥገና ቤት ሠርቻለሁ። ተቃጥሎ ከሚመጣው ብዙው ጦሱ ከርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነበር። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ርካሽ ዓይነት አለ፤ አንድ ሕፃን ወደ 115 ከገፋው በእኛ 220 ቮልት ጧ! ማብሪያ የሌለውን፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለውን፣ 80 ፕላስ የሚል ምልክት ያለበትን 550 ዋት ግዛ። መብራት እየወረደ እየወጣ በሚያስቸግርበት ቤት ስታብላይዘርም ያስፈልጋል። ሰው እዚህ ላይ ይቆጥብና ለመብራቱ ይከፍላል፤ እኔን ይገርመኛል።

ፕሮሰሰር ላይ ምክሬ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር አለው፣ ግራፊክሱም አብሮት ነው። ቫሎራንትን በዝቅተኛ ሥዕል ያለ ካርድ በደንብ ያጫውትሃል፤ ካውንተር ስትራይክ 2 ግን ይከብደዋል። ማዘርቦርዱ ቢ550 ይሁን። ራም 16 ጊጋባይት፣ ያውም ሁለት ባለ 8 እንጂ አንድ ባለ 16 አይሁን፤ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የሚበላው ከራሙ ስለሆነ ሁለት ሲሆኑ ይፈጥናል። ስክሪኑ 144 ኸርዝ ይሁን። በ60ው ላይ አዲስ ሥዕል የሚመጣው በ17 ሚሊ ሰከንድ ግድም ሲሆን በ144ቱ ላይ በ7 ነው። ጠላት ከጥግ ብቅ ሲል ልዩነቱ ይታወቅሃል። ዋጋ አልጽፍልህም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዕቃ ዋጋ አይጨበጥም፤ የራም ዋጋም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ አሻቅቧል።

ካርዱንስ? ለከርሞ አቆየው። እዚህ ላይ ነው አባትህ የሚመጡት። በግ የሸጡ አባት ገንዘቡ የት እንደዋለ ማወቅ አለባቸው። ሳትገዛ ንገራቸው፦ በዚህ እማራለሁ፣ እጫወታለሁም በል። ይቆጡ ይሆናል። ግን ካርዱን ትተህ የተረፈውን ብር በእጃቸው ስታስቀምጥ አነጋገሩ ይቀልልሃል። እሺ ካላሉህም ገንዘቡ የእሳቸው ነው። የጓሳን ሣር ዓመታት ዘግቶ የሚጠብቅ አገር ልጅ አንድ ካርድ አንድ ዓመት ቢጠብቅ ምን ይጎዳዋል?

ጊዜው ሲደርስ 132 ዋት ብቻ የሚፈልገው ራዲዮን 6600 በቂህ ነው። ያገለገለ ካርድ ካቀረቡልህ እፊትህ ግማሽ ሰዓት ጌም ያጫውቱበት። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ መመረቱ ሲቆም ቀንና ሌሊት ሲጋዩ የከረሙ ብዙ ካርዶች ገበያ ላይ ፈስሰዋል። አገር ቤት ስትጭነውም ካርዱን ከማዘርቦርዱ ነቅለህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ጭንህ ላይ ያዘው። አውቶቡሱ ሲነቀንቅ ተሰክቶ የሄደ ከባድ ካርድ ማዘርቦርዱን ሰብሮ ይወጣል።